በባዕድ አፍ እንዳታስጠሩኝ

ወይዘሮ ፔምበርተን ዛሬም ድረስ የበርሚንግሃም ሰው ነው የምትለኝ። ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ብሮምሂል ከበርሚንግሃም በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም፤ ግን የእነሱንና የእኛን አነጋገር መለየት የማይችል ጆሮ የፈረስና የበቅሎ ኮቴም አይለይም። እሷ ከደቡብ ነው የመጣችው፣ ሰሪ ከሚባል አውራጃ። ለእሷ ከለንደን በላይ ያለው አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ጫጫታ ነው። ያች ሴት ናት እንግዲህ በእኛ ከተማ ማን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር እንደሚፈቀድለት እንድትወስን የተሾመችው።

ክሌም ሬይቦልድ እባላለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ጢም ሳላበቅል ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሰንሰለት ፋብሪካ ገባሁ። የትምህርት ቤቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሚስተር ላታም የሚባል መምህር ነበረን። ቁም፣ አንብብ ይለኝና ገና ሁለት ቃል ሳልል ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ልብ በሉ፣ የሚስቁት የእኔው ዓይነት አፍ ያላቸው ልጆች ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የላታም ፊት ሳይሆን የእነሱ ሳቅ ነው። ውትድርና ስገባ ደግሞ አለቃዬ "አዎ ጌታዬ" ባልኩ ቁጥር የእኔኑ ድምፅ አስመስሎ ይመልስልኝ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ዕቃ ሻጭነት ለመቀጠር ደወልኩ። ሰውዬው ጥቂት ካናገረኝ በኋላ፣ ደንበኛ የሚያምነው ድምፅ ነው የምንፈልገው አለኝ። በሕይወቴ የሰው መርፌ አንስቼ አላውቅም።

በእንግሊዝ አገር ሰው የሚመዘነው ገና አፉን ሲከፍት ነው፤ ቃሉ ኋላ ነው የሚመጣው። ስኮትላንዳዊ ሲናገር ሰዉ ያጠራቀመውን አምጥቶ ሊያስረክበው ይደርሳል። ዮርክሻየር ከሆነ ቢዋሽም ሐቀኛ ነው። የኒውካስል ሰው ገና ሰላም ሲል የዘመድ ያህል ይወዱታል። ሊቨርፑል ሲናገር ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። የእኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ድምፃችን ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ይመስላቸዋል። ዘገምተኛ ነው፣ ደደብ ነው፣ ወይ ደግሞ ያዘነ ነው። አገራችንን ከከሰሉ ጢስ የተነሳ ጥቁሩ አገር ይሏታል፤ አፋችንም የጠቆረ ይመስላቸዋል። አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወሩት በመዶሻ ጩኸት መሃል ነው። ታዲያ ድምፃቸው እንደ ምን እንዲወጣ ነበር የተፈለገው? እንደ ዋሽንት?

ነገሩ የተጀመረው በአዋጅ ነጋሪው ሹመት ነው። ሹመት ስል ደሞዝ የለውም፤ ቀይ ካፖርት፣ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣና የእጅ ቃጭል ነው ያለው። በሌላ ከተማ አዋጅ ነጋሪ ለጌጥ የቀረ ነገር ነው፤ በበዓል ቀን ቃጭል እያንቃጨለ እንግዳ ያሥቃል። በብሮምሂል ግን ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ሥራ ነበረው። ከሰንሰለት ሠሪዎች አንዱ ሲሞት፣ የቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ ሣጥኑ ከቤት ሳይወጣ አዋጅ ነጋሪው መንገዱ አናት ላይ ቆሞ ቃጭሉን ይመታል። የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነና በየትኛው ምድጃ እንደሠራ ይናገራል። ከዚያ "የማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መንገዱ በሙሉ፣ ከየበሩ "የእኛ ነው" ብሎ ይመልሳል። ሣጥኑ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ካልተመለሰ አይወጣም። ይህን ጥሪ እንለዋለን።

የመጨረሻው ነጋሪ ጆሳያ ፎክሶል ነበር። እሱ ራሱ ሲሞት የሚጠራው ጠፍቶ በዝምታ ተሸኘ። ካፖርቱ ማዘጋጃ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ብል በላው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሳይጠራ ሄደ።

እናቴ ዚላ ሬይቦልድ ሰንሰለት ሠሪ ነበረች። በእኛ አካባቢ ቀጭኑን ሰንሰለት የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለች የጡብ ጎጆ ውስጥ። እኔን በሣጥን አስተኝታ፣ በአንድ እጇ ወናፍ እየነፋች በሌላው ብረቱን እየገለበጠች ነው ያሳደገችኝ። ሰፈሩ አክስት ዚላ ነው የሚላት፣ ሽማግሌውም ሳይቀር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሯ ከድቷት ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ለብሳ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ሻይዋን ስሰጣት እጄን ያዘችና፣ "ስማኝ፣ እንደ ጆሳያ እንደ ውሻ እንዳትቀብሩኝ" አለችኝ።

"ማን ይጠራሻል እማ? ነጋሪ የለ።"

"ይገኛላ። ብቻ በባዕድ አፍ እንዳታስጠሩኝ። እኔ የማን እንደሆንኩ የሚጠይቅ ሰው የእኛው አፍ ይኑረው።"

እሺ አልኳት። እናት እጅ ይዛ የምትጠይቀውን እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል። ግን እኔ እሺ ካልኩ አልኩ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳለች አውቃለሁ። ቀደም ብሎ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ነበር፣ ስለ ሴት ሰንሰለት ሠሪዎች ሊቀርጹ። እናቴ የዕሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ እጇ ጠባሳ፣ አንዴ የጋለ ብረት ተስፈንጥሮ ቀሚሷ ላይ ስላረፈበት ቀን አወራቻቸው። እየሳቁ ሰሟት፣ አመሰግናለሁ አሏት፣ ሄዱ። ፕሮግራሙ የሚታይ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሳሎናችን ተሰበሰበ። እናቴ ብቅ አለች። መናገር ስትጀምር ከአገጯ ሥር ጽሑፍ ተንጋጋ። የምትለውን በጽሑፍ ተርጉመውት ነው። የኖርፎኩ ገበሬ ሲናገር ጽሑፍ አልነበረም፣ ስኮትላንዳዊው ዓሣ አጥማጅም ሲናገር አልነበረም። የእሷ ብቻ። በተወለደችበት አገር፣ በአገሯ ቋንቋ።

እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ፣ "ከሥሬ የሚሮጠው ምንድነው?" አለች። በመጨረሻ ትሮማንስ፣ ያ የጎረቤታችን ሽማግሌ፣ "ስምሽን ነው አክስት ዚላ፣ እንዳይረሱሽ ነው" አላት። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም።

እህቴ ቤሪል ያን ዕለት ከሁላችን በላይ ተቃጠለች። ባንክ ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ ነው የምትሠራው። ያን አነጋገሯን ከልጅነቷ ጀምራ ስትሞርደው ኖራ፣ ባንክ ስትገባ ጨርሳ አለስልሳዋለች። እቤት ስትመጣ እንኳ አንዳንዴ ከደጅ የያዘችውን ድምፅ ማውለቅ ትረሳለች። በማግሥቱ የሥራ ባልደረቦቿ እናትሽን አየናት ብለው እንደሳቁባት ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እናታችን ሲጠይቃት ወሬ ትለውጣለች።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ፋብሪካ ሙዚየም ሲያደርገው፣ ጎብኚ ይስባል ተብሎ አዋጅ ነጋሪ እንዲመለስ ተወሰነ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ወይዘሮ ፔምበርተን ሰብሳቢ። እኔ የመጀመሪያው አመልካች ነበርኩ። ወንበር ላይ አስቀምጣ አንድ ነገር እንዳነብ ሰጠችኝና ስጨርስ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"ድምፅዎ እጅግ ኃይለኛ ነው ሚስተር ሬይቦልድ። ብቻ የበርሚንግሃሙን ቅላፄ ትንሽ ቢያለሰልሱት።"

"የበርሚንግሃም ቅላፄ የለኝም እመቤቴ። እዚሁ ነው የተወለድኩት።"

"እሱማ አዎ። ጎብኚዎቹን አስበን ነው።"

ጎብኚ ሲሞት እሷ ትጥራው ልላት ነበር፣ ዋጥኩት። እናቴ አለችብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ጓሮ ባለችው የድሮ ጎጆ ውስጥ ልምምድ ያዝኩ። እናቴን ከነወንበሯ ተሸክሜ አወጣትና በሩ ላይ አስቀምጣታለሁ። ብረት የምትቀጠቅጥበት መስፍ አሁንም እዚያው አለ፣ ወናፉ ግን ተቀዷል። እኔ ጥሪውን እላለሁ፣ እሷ ታርመኛለች። ጆሳያ ከእኔ ይበልጥ እንደሚጮህ ትነግረኛለች፤ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንደምል፣ እግሬን ሰብሰብ ማድረግ እንዳለብኝ። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ትነጫነጫለች።

"አሁን ደግሞ ለመንክ" ትለኛለች። "ለምን ትለምናቸዋለህ? ያዋስከውን መዶሻ እንዴት ነው የምትጠይቀው? መልስልኝ ነው የምትለው። እንደሱ ጠይቅ።"

ያዋስኩትን መዶሻ እንደመጠየቅ። ሞከርኩ፣ አልሆን ይለኛል። ድምፄ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ሚስተር ላታም ፊቱን ሲያጨማድድ ይታየኛል።

ምርጫው በፀደይ ቅዳሜ፣ በገበያ አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ወይዘሮ ፔምበርተን በመልክና በልብስ እንዳይዳላ ብላ ተወዳዳሪዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ አቆመችን። ሰዉ ካርድ ተሰጠው፤ አንድ አንድ እየሆንን አንድ ዓይነት አዋጅ እንናገራለን፣ እነሱ ይመርጣሉ። መጋረጃው ምን ያደርጋል? ብሮምሂል ውስጥ የክሌም ሬይቦልድን ድምፅ የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም።

አምስት ነበርን። ማክራይ የሚባል ጡረተኛ ስኮትላንዳዊ፣ የደቡብ ሰው የሆነች የትያትር ሴትዮ፣ አንድ የሊቨርፑል ሰው ጣራ ጠጋኝ፣ እኔና ዳጊ ሮብሰን። ሮብሰን የኒውካስል ሰው ነው፤ የእኛን ከተማ ልጅ አግብቶ ከመጣ ብዙ ዘመኑ። ገና "ወገኖቼ" ሲል አዳራሹ ውስጥ ፈገግታው ይሰማል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ይሰማኛል። ድምፁ ወደ ላይ እየዘለለ ይሄዳል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ልጅ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ንጹሕ አድርጌ ተናገርኩ። ከወደ ኋላ አንዱ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ "እሺይይ" አለ፤ ሳቁ። እንደ ሚስተር ላታም ክፍል።

ሮብሰን አንደኛ፣ ስኮትላንዳዊው ሁለተኛ፣ የትያትሯ ሴትዮ ሦስተኛ። እኔ አራተኛ። ከሊቨርፑሉ እበልጣለሁ፣ ያ መጽናኛ ከሆነ። የሊቨርፑሉ ሰው ሲወጣ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ "አይዞህ፣ አንተን የሚንቁህ ብቻ ናቸው፤ እኔን ግን ኪሳቸውን እየዳበሱ ነው ያዳመጡኝ" አለኝ። ያን ቀን ሰው ያለኝ ብቸኛ ደግ ነገር ይህ ነበር።

ማታውን ሳይሆን በማግሥቱ ቤሪል መጣች። እናቴ ተኝታ ነበር። ማዕድ ቤት ሻይ ጠጥተን ስናበቃ፣ ኩባያዋን እያሽከረከረች፣ "እንድታውቅ ብዬ ነው፤ እኔም ለሮብሰን ነው የሰጠሁት" አለችኝ።

የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንሥቼ ምድጃው ላይ መለስኩት።

"ሲናገር ሐኪም ይመስላል ክሌም። የሚያረጋጋ ነገር አለው።"

"የእናትሽን ልጅ አራተኛ አወጣሽው።"

"አዎ አወጣሁት። ያን ቀይ ካፖርት ለብሰህ፣ ጎብኚ ሲቀርጽህ፣ ከሥርህ ጽሑፍ ሲሮጥ እንዳላይ ነው። አንዴ አይቻለሁ። ሁለተኛ አላይም።"

ልትከላከልልኝ ነው እንግዲህ። ብዙ ሰው ንቆኛል፤ ለእኔ አዝኖ የናቀኝ ግን እህቴ ናት። እማዬ የጠየቀችኝን ነገርኳት። ቤሪል ራሷን ነቀነቀች፤ እማዬ ያለፈ ዘመን ውስጥ ናት፣ ጥሪም ሆነ መዶሻ ማንም አያስታውስም፣ ለእናታችን የሚገባት ያማረ ሽኝት ነው አለች። ተነሥታ ኩባያዋን አጥባ ሄደች።

ሮብሰንም መጣ፤ ይባስ ብሎ። መጠጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቢራ ይዞልኝ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

"ተበሳጭተሃል" አለኝ።

"አንተ ብትሆን አትበሳጭም?"

"ላንተ ልንገርህ ወንድሜ፣ ሰው ድምፄን ይወዳል፤ የምለውን ግን አይሰማም። ባለፈው ክረምት ደረቴን ሲወጋኝ ነርሷ ጋ ሄጄ የት እንደሚያመኝ ስነግራት፣ ስትናገር ቀኑን ሙሉ ብሰማህ አልጠግብም አለችኝ። ሕመሜን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ፈገግ ብላ ነው የሰማችኝ።"

"እንለዋወጥ" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቢራውን ግን ጠጣሁት።

እናቴ ቅዝቃዜው ሲብስ፣ ከገና በኋላ፣ መስኮቷ ሥር እንዳለች ሄደች። ሹመቱ እንዳመለጠኝ አልነገርኳትም ነበር። ከመሞቷ በፊት በነበሩት ቀናት ጠዋት ጠዋት ጎጆዋ በር ላይ አስቀምጫት ስለማመድ፣ አሁንም ለመንክ ትለኝ ነበር። ነጋሪው እኔ እንደሆንኩ አምና ነው የሞተችው። እኔም አላሳፍራትም ብዬ ወሰንኩ። ካፖርት ባይኖር፣ ቃጭል ባይኖር፣ ኮሚቴው ፖሊስ ቢጠራ፣ መንገዱ አናት ላይ ቆሜ እጠራታለሁ። ለቤሪል ነገርኳት። ቤሪል ጫማዋን እያየች፣ "እኔ ሁሉንም አስተካክላለሁ፣ አንተ አትጨነቅ" አለችኝ። መጠርጠር ነበረብኝ።

የቀብሩ ጠዋት ውርጭ ነበር። ሳሎን ውስጥ ከሣጥኑ አጠገብ ከሣጥን ተሸካሚዎቹ ጋር ቆሜ ክራባቴን ሳስር፣ ከውጭ ቃጭል ሰማሁ። ዘወር ብዬ ቤሪልን አየኋት።

"ሮብሰንን ጠየቅኩት" አለች ቀስ ብላ። "ጥሩ አድርጎ ይጠራታል ክሌም። ተወው።"

ገፋ አድርጌያት ወጣሁ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሟል፣ የእናቴ የጸሎት ቤት ሰዎች አሉ፣ የቤሪል ባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ የማላውቃቸው ጎብኚዎችም ከሙዚየሙ በኩል መጥተዋል። የጋዜጣ ፎቶ አንሺ መሰላል ላይ ወጥቷል። ወይዘሮ ፔምበርተን ጥቁር ጓንቷን አድርጋ ከፊት ቆማለች። ሮብሰን መንገዱ አናት ላይ ቆሟል፤ አዲስ የተሰፋው ቀይ ካፖርት ውርጩ ላይ እንደ ፍም ይንቦገቦጋል።

አጥፍቷል ማለት አልችልም። አንድም ቃል አልሳተም። "ዚላ ሬይቦልድ፣ የሰሎሜ ልጅ፣ በራሷ ጓሮ ምድጃ የሠራች" አለ። ጆሳያ ያለውን ሁሉ አለ። ድምፁ ከጡቡ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ወጣ። ሴቶች መሐረብ አወጡ። ያን ጊዜ እኔም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቃጭሉን ዝቅ አድርጎ "የማን ናት?" ብሎ ጠየቀ።

ቃጭሉን እንደያዘ መልስ ጠበቀ።

ወይዘሮ ፔምበርተን ጓንት ባደረጉ እጆቿ ማጨብጨብ ጀመረች። ጎብኚዎቹ ተከተሏት። ከዚያ፣ እምላችሁ፣ በየበሩ የቆመው የእኛው ሰው አጨበጨበ። ትሮማንስ አጨበጨበ፤ በጆሳያ ዘመን "የእኛ ናት" ሲል መስኮት የሚያርገበግበው ትሮማንስ። ድምፁ በጣም ስላማረ ትያትር መሰላቸው። የተጠየቁ መሆናቸውን ረሱ። እናቴ ሣጥን ውስጥ ሆና፣ የማን ናት ተብሎ ተጠይቆ፣ ሰው አጨበጨበላት።

ሮብሰንን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ነርሷ ጋ እንደተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር። በሰዉ መሃል አልፌ ስደርስ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ "አልመለሱም ክሌም" አለኝ። ቃጭሉን ዘረጋልኝ። አልወሰድኩትም። ከአጠገቤ ዞር አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

ወይዘሮ ፔምበርተን አንድ ነገር ልትለኝ እጇን አነሣች። በእጇ ሥር አለፍኩ። ባርኔጣ አልደፋሁም፣ ክራባቴ ግማሽ ታስሯል፣ ቃጭል የለኝም። መንገዱ አናት ላይ እግሬን ሰብስቤ ቆምኩ።

እንደ አፌ ተናገርኩ። ምንም አላለሰለስኩም፤ ሆን ብዬ ደግሞ አከበድኩት። "ዚላ ሬይቦልድ" አልኩ፤ ስሟን እኛ በምንለው መንገድ፣ መሃሉን ስበን፣ መጨረሻውን ጥለን። "የሰሎሜ ልጅ። በዚች ጓሮ፣ በዚያ ምድጃ። ልጅ በሣጥን አስተኝታ የቀጠቀጠች።" ከጎብኚዎቹ መሃል አንዱ ሳቅ ሲያፍን ሰማሁ። ጆሮዬ ቀላ። ላታም ዓይኔ ላይ መጥቶ ፊቱን አጨማደደ። ዞር ብዬ በየበሩ የቆሙትን አንድ በአንድ አየኋቸው። በየቤታቸው የእናቴ እጅ ያለበት ነገር አለ፤ የውሻ ማሰሪያው፣ የውሃ ጉድጓዱ ባልዲ፣ የሕፃን ዥዋዥዌ የተንጠለጠለበት ሰንሰለት። እነዚህ ሰዎች መዶሻዬን ይዘው ነው የቆሙት።

"የማን ናት?" አልኩ።

ድምፄ መጨረሻው ላይ ወደቀ፣ እኛ እንደምንጥለው። ግን አልለመንኩም።

ማንም አላጨበጨበም፤ የመለሰም የለም። ትሮማንስ መሬት መሬት ያያል። ካልተመለሰ ሣጥኑ አይወጣም፣ እኔም ከዚያ ንቅንቅ አልልም፤ ውርጩ ያድርቀኝ ብዬ ነበር።

"የእኛ ናት።"

ከኋላዬ፣ ከቤታችን በር ነው የመጣው። ድምፁን አላወቅኩትም ነበር መጀመሪያ። ከባድ፣ ጎርናና፣ እንደ እናቴ። ዞር ስል ቤሪል ናት። ደጁ ላይ በሁለት እጇ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያን ድምፅ ከእሷ አልሰማሁም። "የእኛ ናት!" አለች ደግማ፣ አንገቷ ሥሩ እስኪገተር፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም ከፊቷ ቆሞ ይሰማል።

ያን ጊዜ ትሮማንስ ቀና አለ። ከዚያ በየበሩ ተነሣ። የእኛ ናት፣ የእኛ ናት፣ ከላይኛው መስኮት፣ ከማዶ፣ ከመንገዱ ጫፍ። አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ እንደተቆጣ ሰው። ሮብሰንም አለ፣ በእሱ አፍ፤ ባለቤቱ ከዚህ ናትና መብት አለው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ቀረ፣ አላነሣም። ሣጥኑ ወጣ።

ከቀብር መልስ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ካም ሳንድዊችና ሻይ ቀረበ። እኛ ዘንድ ካም ሳይቀርብ የተቀበረ ሰው በደንብ አልተቀበረም። ወይዘሮ ፔምበርተን መጥታ በጣም ልብ የሚነካ ነበር አለችኝ፤ የበርሚንግሃም ሰዎች ባህላችሁን መጠበቃችሁ ያስደስታል አለች። ሳንድዊቼን ነከስኩ። አፌ ሙሉ ባይሆን ሌላ ነገር ይወጣው ነበር።

ነገሩ በዚህ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ፣ ካፖርቱን አልሰጡኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ አዋጅ የሚናገረው እስከ ዛሬ ሮብሰን ነው፣ ጎብኚውም ይወደዋል። የሞት ጥሪ ግን ወደ እኔ መጥቷል። ማንም አልሾመኝም። ትሮማንስ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ የእኔ ጊዜ ሲደርስ አንተ ነህ፣ እንዳትታመም አለኝ። ያን ዕለት ማጨብጨቡን አልረሳሁለትም፣ አልረሳለትምም። ግን እጠራዋለሁ።

አዳራሹ ሲበርድ ቤሪል ሻይዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ወደ ባንኩ ተመልሷል፣ ትንሽ ግን ተሻክሯል። ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ካርዱ፣ ሮብሰንን ስለ መጥራቷ አንድም አላነሣችም። እኔም አላነሣሁላትም፤ ይቅርታ ከፈለገች ትጠይቅ። ለረጅም ጊዜ ሻይዋን ስታማስል ቆየችና፣ "የእኔ ቀን ሲደርስስ ማን ነው የሚጠራኝ?" አለችኝ።

"ሮብሰን" አልኳት። "ሲናገር ሐኪም ይመስላል።"

በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ አጥብቃ። "ሞክራትና" አለች፣ በእናቴ አፍ፣ "ከሣጥኑ ተነሥቼ ነው የማንቅህ።"